መልስ፦ የሕገ መንግሥት ማሻሻያን በሥዕልና በአጭር ጽሑፍ ስለ ማስተማር

ውድ መምህር፣ ሐዋሳ ያሉት የ10ኛ ክፍል ተማሪዎችዎ ስለ ማሻሻያ የሚደነግጉትን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 104 እና 105 ቢሸመድዱም ትርጉሙን ማስረዳት እንደሚያቅታቸው ጽፈው መፍትሔ ጠይቀዋል። በሥዕሉ እንዲጀምሩ አጥብቄ እመክራለሁ።

ሰሌዳው ላይ ለእያንዳንዱ ክልል አንድ፣ በድምሩ 12 ሳጥኖች ይሣሉ። ከላያቸው ሁለት ትልልቅ ሳጥኖች ይጨምሩ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የፌዴሬሽን ምክር ቤት። አብዛኛው ድንጋጌ የሚሻሻለው ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሲያጸድቁትና ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛዎቹ በድምፅ ብልጫ ሲቀበሉት ነው። የተቀባ ሳጥን ማሻሻያውን የተቀበለ ክልል ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 8 የክልል ሳጥኖች ይቀባሉ። የምዕራፍ ሦስትን መብቶችና ነፃነቶች፣ እንዲሁም ራሳቸውን አንቀጽ 104 እና 105ን ለመለወጥ ግን 12ቱም መቀባት አለባቸው፤ ሁለቱ ምክር ቤቶችም ለየብቻ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋቸዋል። አንድ ክልል ብቻ እምቢ ቢል ማሻሻያው ይወድቃል! ተማሪ ያንን ባዶ ሳጥን ሲያይ መብት ለምን እንዲህ በጥብቅ እንደተቆለፈ መጠየቁ አይቀርም።

ጽሑፉ ከዚያ ይከተል። ተማሪዎቹ ማን እንደሚወስንና በምን ያህል ድምፅ፣ ከ20 ቃላት ባልበለጠ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከአንቀጹ መገልበጥ ይከልከል፤ ማሳጠር የሚችለው የገባው ብቻ ነውና። በአንቀጽ 104 የተደነገገውን የማሻሻያ ሐሳብ ማመንጨት ለሌላ ክፍለ ጊዜ ያቆዩት።

ደግሞ ሐዋሳ መሆንዎ ትልቅ ዕድል ነው። አንቀጽ 47 በስም የሚዘረዝረው ዘጠኝ ክልሎችን ነው፤ በ2012 የተመሠረተው የሲዳማ ክልል በዝርዝሩ የለም። ዝርዝሩን ለማስተካከል ስንት ሳጥን መቀባት እንዳለበት ይጠይቋቸው።