ባትሪውን ጠይቁ፣ ቀለሙ ይደርሳል

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ነባሮቹ የመኪና ፋብሪካዎች ዋጋው ቀለል ያለ የኤሌክትሪክ መኪና ማውጣት መጀመራቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ኒሳን ሊፍ የተባለውን የኤሌክትሪክ መኪናውን ያወጣው በ2010 ነው። ታዲያ ርካሹ የኤሌክትሪክ መኪና እስከ ዛሬ የት ነበር?

መልስ፦ የባትሪው ዋጋ አላስመጣው ብሎ ነበር። ያኔ አንድ ኪሎዋት ሰዓት (የኤሌክትሪክ ጉልበት መለኪያ ነው) የሚይዝ ባትሪ ከ1,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ ሊፍ ደግሞ 24 ኪሎዋት ሰዓት ተሸክሞ ነው የመጣው። ማባዛቱን ለእርስዎ ልተወው። የኃይል ገበያን የሚያጠናው ብሉምበርግ ኤንኢኤፍ በ2024 ያወጣው አማካይ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 115 ዶላር ነው፤ በዚህ ስሌት ያን የሚያህል ባትሪ 3,000 ዶላር አይሞላም።

ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ነው። ሌላውን ግማሽ ኩባንያዎቹ በመግለጫቸው አይጽፉትም፦ ከትንሽ መኪና የሚገኘው ትርፍም ትንሽ ነው። ስለዚህ ሰፋፊና ውድ መኪና እየሠሩ ትንሿን ለነገ አሳደሯት። የቀሰቀሳቸው የቻይና ገበያ ነው። በ2020 ሳይክ፣ ጄኔራል ሞተርስና ዉሊንግ በጋራ የያዙት ኩባንያ ሆንግጓንግ ሚኒን በ28,800 ዩዋን አቀረበ፤ በ2023 ቢዋይዲ ሲጋልን በ73,800 ዩዋን አስከተለ። በዚያው ዓመት ሲትሮኤን ኢ-ሲ3ን በ23,300 ዩሮ እንደሚሸጥ አስታወቀ፤ ሬኖ 5 ተከተለ፤ ቮልስዋገንም ለ2027 የ20,000 ዩሮ ገደማ መኪና ቃል ገብቷል። ቃል መግባትና መኪና ማስረከብ ግን ለየቅል ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋጋው የወረደው ጥራቱ ስለተቀነሰ ይሆን?

መልስ፦ የተቀነሰ ነገር አለ፤ ምን እንደሆነ ማወቁ ነው ቁም ነገሩ። ብዙዎቹ ርካሽ መኪኖች የሚጠቀሙት ሊቲየም አይረን ፎስፌት የተባለውን ባትሪ ነው። ኒኬልና ኮባልት የለበትም፤ የዋጋው ምስጢርም ይኸው ነው። ለአንድ ዓይነት ጉልበት ክብደቱ ይበልጣል፣ ብርድ ሲበረታም ቻርጅ ለመቀበል ይለግማል። በምትኩ ብዙ ጊዜ ቢሞላ ቶሎ አይደክምም፣ በቀላሉም አይቀጣጠልም። ለትንሽ መኪና ይህ ልውውጥ አትራፊ ነው ባይ ነኝ። ሌላው ቅነሳ ዓይን የሚያየው ነው፦ በዝቅተኛው ኢ-ሲ3 ላይ ትልቁ ስክሪን በሚቀመጥበት ቦታ የስልክ ማስቀመጫ ብቻ ነው የተገጠመው። እኔ አልከፋኝም።

ጥያቄ፦ 320 ኪሎ ሜትር ይሄዳል የተባለ መኪና በእርግጥ 320 ይሄዳል?

መልስ፦ መጀመሪያ ሻጩን «በየትኛው መለኪያ?» ይበሉት። የአውሮፓው መለኪያ ደብልዩኤልቲፒ ይባላል፤ የቻይናው ሲኤልቲሲ ደግሞ ይበልጥ ቸር ነው። 30 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ የሚይዘው ሲጋል በቻይናው መለኪያ 305 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ተብሏል፤ ይህ በ100 ኪሎ ሜትር 10 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ማለት ስለሆነ፣ በሰዓት 120 እየነዱ እንዳይጠብቁት። ፍጥነት ሲጨምር ነፋሱን ለመግፋት የሚወጣው ጉልበት ከፍጥነቱ በላይ ይጨምራል።

አሁን ደግሞ እርስዎን ልጠይቅ፦ በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ይነዳሉ? እኔ ለአንድ ወር ማታ ማታ የመኪናዬን ቆጣሪ በደብተር መዘገብሁ። ከመጀመሬ በፊት «መቶ አይቀርም» ብዬ ነበር። ረጅሙ ቀን 61 ሆኖ ተገኘ፤ መኪናው ከቆመበት ያልተነቃነቀባቸው ቀናትም ነበሩ። በዓመት ሁለቴ ለሚሄዱበት ረጅም መንገድ ሲሉ ዓመቱን ሙሉ ትልቅ ባትሪ መግዛትና መሸከም ለእኔ አይገባኝም። ሥራዎ ረጅም መንገድ ከሆነ ግን ይህን ምክር ይተዉት።

ጥያቄ፦ በተራ የቤት ሶኬት ይሞላል?

መልስ፦ ይሞላል። በ10 አምፔር ወደ 2.3 ኪሎዋት ይሰጣል፤ የ44 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪን ከባዶ ለመሙላት ከ19 ሰዓት በላይ ይወስዳል። የእኔን 61 ኪሎ ሜትር ለመተካት ግን አምስት ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ተኝተው ያልፋል። መሬት የገባ ሽቦ መኖሩን በባለሙያ ያስፈትሹ፣ በማራዘሚያ ገመድም አይሙሉ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ሊፍ በርካሽ አገኘሁ፤ ልግዛ?

መልስ፦ ከዳሽቦርዱ በስተቀኝ የባትሪውን ቀሪ አቅም የሚያሳዩ 12 ትንንሽ መስመሮች አሉ። 11 ብቻ ከበሩ ባትሪው ከአቅሙ ወደ 15 በመቶ ገደማ አጥቷል። ሊፍ ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት ስላልነበረው፣ በሞቃት አካባቢ የኖረው ቶሎ ይደክማል። የፈጣን መሙያ ቀዳዳው ደግሞ ቻዴሞ የተባለው ዓይነት ነው፤ ከጃፓን ውጭ እየተተወ ስለሆነ በሚጓዙበት መንገድ ላይ መኖሩን አስቀድመው ያጣሩ። 12ቱም መስመሮች ከበሩና መሙያው ከተገኘ፣ ለአጭር መንገድ መጥፎ ግዢ አይደለም። ዘጠኝ ከሆኑ ደግሞ ሻጩ ስለ ጎማው አዲስነት ማውራት ከመጀመሩ በፊት ይሰናበቱት።