ፒኤችፒን ልተወው ወይ? ለሦስተኛ ዓመት ተማሪው የተሰጠ መልስ

ከኮምቦልቻ የጻፍክልን ወንድሜ፣ ፒኤችፒ የተባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አንድ ዓመት ያህል ከተማርክ በኋላ ጓደኞችህ «ያረጀ ቋንቋ ነው፤ ወደ ፓይተን ካልተሻገርክ ሥራ አታገኝም» ስላሉህ መቀየር ይኖርብህ እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔ ደሴ ተቀምጬ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነጋዴዎች የሽያጭና የዕቃ መመዝገቢያ ሶፍትዌር በመሥራት የምተዳደር ስለሆንኩ፣ የምመልስልህ ከዚሁ ሥራዬ ተነሥቼ ነው። አሁን አትቀይር። መጀመሪያ አንድ ሥራ ለደንበኛ አስረክበህ፣ ደንበኛው ጥቂት ወራት ተጠቅሞበት፣ የሚወጣውን ስሕተት ራስህ አርመህ እየው።

በነገራችን ላይ ፒኤችፒ ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1995 ሲሆን ፓይተን ደግሞ በ1991 ነው፤ በዕድሜ ከሄድን ጓደኞችህ የሚልኩህ ወደ ታላቁ ነው።

የመጀመሪያ ሥራዬ በኮምቦልቻ ለሚገኝ አንድ የሕንፃ መሣሪያ መደብር የሠራሁት የዱቤ መዝገብ ነበር። ጠዋት የምትገባው ገንዘብ ተቀባይ የአንዱን ደንበኛ ስም «ኃይሉ» ብላ ስትመዘግብ፣ ከሰዓት የሚተካት ልጅ «ሀይሉ» ብሎ ይጽፈው ነበር። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን «ኃ» እና «ሀ» ፈጽሞ የተለያዩ ፊደሎች ስለሆኑ፣ ሰውየው ሳያውቀው ሁለት ባለዕዳ ሆኖ ቆየ፤ ሊከፍል ሲመጣም በአንደኛው ስም ያለውን ብቻ ከፍሎ ሄደ። ባለመደብሩ «ደብተሬ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም» ሲሉኝ የምመልሰው አልነበረኝም። በኋላ የተጻፈውን ስም እንዳለ ትቼ፣ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ጨመርኩ፤ በእሱ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ከነእርባታቸው ይመለሳሉ፤ ሃ፣ ሓ እና ኃም ከሀ ጋር ይጠቃለላሉ። ደንበኛን መለየቱን ደግሞ ለስልክ ቁጥር ሰጠሁት፤ ምክንያቱም በዚህ አገር ስምና የአባት ስም የሚጋራ ሰው ሞልቷል። በፓይተን ጽፌው ቢሆን ኖሮ ያው ስሕተት በዚያው ቀን ይገጥመኝ ነበር።

ሁለተኛው ችግር መብራት ነው። አንድ የዱቤ ሽያጭ ሲመዘገብ ደረሰኙ ይጻፋል፣ ከመጋዘን ዕቃው ይቀነሳል፣ ዕዳው ይጨመራል። በመካከል መብራት ሲሄድ ሲሚንቶው ተቀንሶ ዕዳው ሳይጻፍ ይቀር ነበር። የእኔ ሠንጠረዦች ማይኤስኪውኤል በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ ማይአይሳም በሚባለው ዓይነት የተሠሩ ነበሩ፤ እሱ ደግሞ ትራንዛክሽን፣ ማለትም ብዙ እርምጃዎችን እንደ አንድ አስሮ መመዝገብን፣ አያውቅም። ይህን ወደሚያውቀው ኢኖዲቢ ወደሚባል ዓይነት ቀይሬ ሦስቱን እርምጃዎች በአንድ ትራንዛክሽን ካሰርኳቸው በኋላ ወይ ሦስቱም ይመዘገባሉ፣ ወይ አንዱም አይመዘገብም። እኔም ሆንኩ ባለመደብሩ መፍትሔው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) መግዛት መስሎን ነበር።

ሦስተኛው የጳጉሜ ነገር ነው፤ የቀን መምረጫዬን በ12 ወር ሠርቼው ስለነበር የዓመቱ መጨረሻ ሽያጭ መግቢያ አጣ። ቀኑን በመረጃ ቋቱ በፈረንጅ አቆጣጠር አስቀምጠህ፣ በስክሪኑ ላይ ብቻ ወደ እኛው ለውጠው።

የቋንቋ ምርጫ ልዩነት አያመጣም እያልኩህ ግን አይደለም። ፒኤችፒ ከ8ኛው ዕትም በፊት ዜሮ ቁጥርን «ሲሚንቶ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በሁለት እኩልነት ምልክት (==) ብታወዳድረው እኩል ናቸው ይልህ ነበር፤ እኔም በዚህ ምክንያት አንድ ሌሊት ሙሉ ስሕተት ስፈልግ አድሬአለሁ። ስለዚህ ዛሬም ቢሆን ሁልጊዜ ቁጥርና ጽሑፍን በሚለየው በሦስት እኩልነት ምልክት (===) አወዳድር። ሁለተኛ ቋንቋ ስትጨምር ደግሞ ምርጫዬ ጃቫ ነው፤ ጽሑፍን በቁጥር ቦታ ብታስገባ፣ ገና ፕሮግራሙ ሳይነሣ አልሠራም ብሎ ያስቆምሃልና።

ከቋንቋው ይልቅ ዛሬውኑ ጀምር የምልህ የኮድህን ለውጥ የሚመዘግበው ጊት የተባለ መሣሪያ ነው። እኔ ለዓመታት ኮዴን «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2»፣ «እውነተኛው የመጨረሻ» በሚሉ ማኅደሮች እያደረግሁ በፍላሽ ይዤ እዞር ነበር፤ ፍላሹ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ሲጠፋ የሁለት ሳምንት ሥራ አብሮ ጠፋ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የለውጡን ታሪክ በሙሉ በራስህ ኮምፒውተር ላይ ስለሚያኖር፣ ኔትወርክ በሌለበት ቀንም ለውጥህን መመዝገብና ወደ ትናንቱ ኮድ መመለስ ትችላለህ። ኔትወርኩ ሲመጣ ግን ቅጂውን ወደ ሌላ ቦታ መላክ አትርሳ፤ ኮምፒውተርም እንደ ፍላሽ ይጠፋል።

ለቀጣሪ የምታሳየው ሥራ ካስፈለገህ፣ በሰፈርህ ያለ አንድ ሱቅ የዱቤ ደብተሩን እንዲያሳይህ ለምነውና ከእሱ ጀምር።