«ልጄ ፈርማ መጥታለች፣ አሁን እፎይ ልበል?»

ጥያቄው የመጣው ፒያሳ አካባቢ ከምትኖር እናት ነው፣ አሳጥሬዋለሁ። ልጇ 13 ዓመቷ ነው፣ 7ኛ ክፍል። ትምህርት ቤቷ ለጥቂት ሳምንት ከወሲብ ስለ መታቀብ አስተምሮ መጨረሻ ላይ «እስካገባ እጠብቃለሁ» የሚል ወረቀት አስፈረማቸው፣ ወላጆች ስብሰባ ላይም «ሁሉም ፈርመዋል፣ ፕሮግራሙ ተሳክቷል» ተብሎ ተጨበጨበ። አባትየው ወረቀቱን ላሚኔት አስደርጎ ሳሎን ሰቀለው። ከዛ እናት የልጅቷ ቴሌግራም ላይ ከአንድ ልጅ የመጣ «ናፍቀሽኛል» አየች፣ ባልየው «ቃሏን በላች» ብሎ ስልኩን ቀማት፣ ይኸው ሁለት ሳምንት ልጅቷ ከሁለቱም ጋር አታወራም።

እህቴ፣ ናፍቀሽኛል መባል ወንጀል አይደለም። ልጁ ማነው፣ ስንት ዓመቱ ነው የሚለውን ግን እወቂ፣ የክፍሏ ልጅ ከሆነ የዕድሜው ነገር ነው፣ ትልቅ ሰው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው ዝም አይባልም።

አሁን ወደ ወረቀቱ። መምህር ፊት ቆሞ «አልፈርምም» የሚል የ7ኛ ክፍል ተማሪ ካለ አሳዪኝ። ትምህርቱ ሰርቷል ለማለት የተማሩትን ካልተማሩ እኩዮቻቸው ጋር አነፃፅሮ ከዓመታት በኋላ መጠየቅ ያስፈልጋል። አሜሪካኖቹ ይሄን አድርገውታል፣ እንደ ፈረንጅ በ2007 ለኮንግረሳቸው የቀረበው ግምገማ አራት የመታቀብ ፕሮግራሞችን፣ ከ2000 በላይ ልጆችን ይዞ ከ4 እስከ 6 ዓመት ቆይቶ ሲጠይቅ የተማሩትም ያልተማሩትም ግማሽ ግማሹ ጠብቀዋል፣ ልዩነት የለም። በ2009 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ቃል የገቡ ወጣቶችን ከ5 ዓመት በኋላ ሲጠይቅ 82 ከመቶዎቹ ጭራሽ «እኔ? ቃል አልገባሁም» አሉ 😅 ከሚመስሏቸው ካልፈረሙት ጋር በወሲብ ምንም አልተለያዩም፣ በመከላከያ መጠቀም ላይ ግን የፈረሙት ባሱ። እዚጋ ነው እኔን የሚያሳስበኝ፣ ስላልተዘጋጁበት ነዋ።

ግን መታቀብን ማስተማር ከንቱ ነው እያልኩሽ አይደለም። እዛው አሜሪካ 662 የ6ኛና 7ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተሰራ፣ በ2010 የወጣ ጥናት አለ፣ 8 ሰዓት ብቻ የፈጀ ትምህርት ነው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከተማሩት ወሲብ የጀመሩት ሲሶ ያህሉ ሲሆኑ ሌላ ትምህርት ከተሰጣቸው ግን ግማሽ ገደማ። ልዩነቱ ምንድነው ካልሽኝ፣ «እስክታገቢ» አላሉም፣ «እስክትዘጋጂ» ነው ያሉት፣ ኮንዶምን አላጣጣሉም፣ አላስፈራሩም፣ ልጆቹ ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልጉ እያወሩ፣ አንድ ሰው ሲጫናቸው እንዴት እምቢ እንደሚሉ በድራማ መልክ እየሰሩ ተለማመዱ። እኛም እኮ በኤችአይቪ ጊዜ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም እየተባለ ነው ያደግነው፣ አንዱን ብቻ ነጥሎ የነገረን አልነበረም።

ስለዚህ ትምህርት ቤት ሄደሽ ስንቱ ፈረመ ሳይሆን እምቢ ማለትን ተለማምደዋል ወይ፣ ወንዶቹስ አብረው ተምረዋል ወይ፣ አንድ ልጅ የሆነ ነገር ቢደርስባት ማን ጋር ነው የምትሄደው ብለሽ ጠይቂ።

ለባልሽም ንገሪው፣ ያንን ወረቀት ያውርደው በናትሽ! ቡና ሊጠጣ የመጣ ጎረቤት ሁሉ የልጅቷን ገመና እያነበበ ነው። ስልኩንም ይመልስላት፣ ማታ ሳሎን ቻርጅ ይደረጋል የሚል ደንብ ለሁላችሁም አውጡ፣ ለእሱም ጭምር።

ከእሷ ጋር ደግሞ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ እንዳትጀምሪ፣ በዚህ ዕድሜ እንደ ምርመራ ነው የሚያዩት። ሽንኩርት እየከተፋችሁ ወይ ከትምህርት ቤት በእግር ስትመለሱ «መልእክትሽን ሳላስፈቅድሽ ማየቴ ልክ አልነበረም፣ የልጁ ነገር ያስቆጣኛል ብለሽ አትፍሪ፣ ምንም ቢሆን መጀመሪያ እኔ ጋር ነይ» በያት፣ ከዛ ዝም በይ። «እሺ» ብቻ ብላ ካለፈችሽ ለዛን ቀን በቂ ነው፣ በሳምንቱ ደግሞ ሞክሪ።