ሜዲል የመግባት ዕድሌ ስንት ነው?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ የላክሽው ጥያቄ ባጭሩ ይኼ ነው፦ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ትገቢያለሽ፤ ጂፒኤሽ ኤፒ ለሚባሉት የኮሌጅ ደረጃ ኮርሶች የሚሰጠው ተጨማሪ ነጥብ ሳይቆጠር 3.8 ነው፤ ኤስኤቲ በሚባለው የኮሌጅ መግቢያ ፈተና 1430 አምጥተሻል፤ በትምህርት ቤትሽ ጋዜጣ ሁለት ዓመት ሠርተሽ አሁን የአንድ ዓምድ አዘጋጅ ነሽ። አባትሽ ኡበር ይነዳሉ፣ እናትሽ ሆስፒታል ይሠራሉ፤ የቤቱ ገቢ በዓመት 80 ሺህ ዶላር አካባቢ ነው። ልብሽ ያረፈው ኢሊኖይ ውስጥ ባለው የኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሜዲል ጋዜጠኝነት ኮሌጅ ላይ ነው። «ዕድሌ በመቶ ስንት ነው? በኧርሊ ዲሲዥን ላመልክት ወይ?» ብለሻል። ኧርሊ ዲሲዥን ከተቀበሉሽ የግድ የምትገቢበት ቀደም ያለ የማመልከቻ ዙር ነው።

ኖርዝዌስተርን ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከ100 አመልካች የሚቀበለው 7 ወይም 8 ነው። ይህ የመላው ዩኒቨርሲቲ ቁጥር ነው። አንቺ ግን ማመልከቻው ላይ ሜዲልን መርጠሽ ነው የምትገቢው፤ ስለዚህ ፋይልሽን የሚያነበው ሰው «ይህች ልጅ እውነት ዘገባ ትሠራለች ወይስ ጽሑፍ ብቻ ትወዳለች?» እያለ ነው የሚያየው። ከዚያ በላይ «ያንቺ ዕድል ይህን ያህል በመቶ ነው» ብሎ ቁጥር የሚቆርጥልሽ አማካሪ ካገኘሽ ቦርሳሽን ያዝ አድርጊ።

3.8 በር አይዘጋም፤ ትምህርት ቤትሽ ከሚሰጣቸው ከባድ ኮርሶች ስንቱን እንደወሰድሽ አብሮ ይታያል። ስለዚህ በ12ኛ ክፍል ሒሳብ እንዳትጥዪ። «ጋዜጠኛ ሒሳብ ምን ያደርግለታል» የሚባለው ቀልድ ለመግቢያም ለሙያውም አይበጅም፤ ካልኩለስ ከከበደሽ ኤፒ ስታቲስቲክስ ውሰጂ። ኤስኤቲው ላይ ግን ችግር አለ። ውጤት ልከው ከገቡት ተማሪዎች ከላይኛውና ከታችኛው ሩብ መሐል ያሉት ግማሾቹ ከ1500 እስከ 1560 ውስጥ ናቸው። ኖርዝዌስተርን ከ2020 ጀምሮ ውጤት መላክን ለአመልካቹ ፈቃድ ትቶታል፤ ደንቡ ሊለወጥ ስለሚችል የዘንድሮውን ከዩኒቨርሲቲው ገጽ አረጋግጪ። በኦገስት ደግመሽ ተፈተኚ፤ 1500 አካባቢ ካልደረስሽ ለኖርዝዌስተርን አትላኪው። ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ግን 1430 የሚላክ ውጤት ነው።

ዋናው ሥራሽ ከአሁን እስከ ኖቬምበር 1 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የላክሽልን አራት ጽሑፎች ቋንቋቸው ጥሩ ነው፤ ሦስቱ ግን አስተያየት ናቸው፣ አራተኛው ላይ ያነጋገርሻቸው ሁለት ሰዎች ሁለቱም ጓደኞችሽ ናቸው። እንዲህ ያለ ፋይል ሜዲል በብዛት ይደርሰዋል። የማይደርሰው አንቺ አማርኛ ስለምትችዪ ብቻ ልትሠሪው የምትችዪው ዘገባ ነው። አንዱን እንይ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከጁላይ 2024 ጀምሮ የቤት ኪራይ ጭማሪን ገድቧል፦ ሕጉ በሚመለከታቸው ሕንፃዎች ጭማሪው በዓመት ከ6 በመቶ አይበልጥም፤ የዋጋ ንረቱ ዝቅ ካለ ደግሞ ጣሪያው የንረቱ መጠን ሲደመር 3 በመቶ ነው። 23 ዓመት ያልሞላቸው ሕንፃዎች ከገደቡ ነጻ ናቸው። እንግሊዝኛ የማያነቡ ተከራዮች የጭማሪ ደብዳቤ ሲደርሳቸው ይህን ያውቃሉ? አምስት ቤተሰብ አነጋግሪ፤ ደብዳቤውን ራሱን አይተሽ የድሮውንና የአዲሱን ኪራይ ጻፊ፤ መቶኛውን ራስሽ አስዪ፤ ሕንፃው የተሠራበትን ዓመት ከሕዝብ መዝገብ ፈልጊ፤ ከዚያ የካውንቲውን የቤቶች መሥሪያ ቤትና የሕንፃውን አስተዳደር ጠይቂ። አስተዳደሩ ካልመለሰ መቼና በምን መንገድ እንደጠየቅሽ ጽሑፉ ውስጥ ይግባ።

እንዲህ ያለ ሥራ የሚበላሽበት ቦታ ይታወቃል። አክስትሽ ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪሽ ምንጭ አይሁኑ። ቃለ መጠይቁን በአማርኛ ካደረግሽ በፈቃድ ቅጂው፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሰው ሳያውቅ ድምፁን መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል። ትርጉምሽን አማርኛ የሚያውቅ ሌላ ሰው ከቅጂው ጋር ያመሳክርልሽ። ስማቸው እንዲወጣ የማይፈልጉ ተከራዮች ይኖራሉ፤ ይህን ከጋዜጣው አማካሪ መምህርሽ ጋር አስቀድመሽ ጨርሺ፣ ታትሞ ካለቀ በኋላ ስም መሰረዝ አይቻልም።

ሜዲል የሥራ ናሙና እንድታስገቢ ግድ አይልም፤ ስለዚህ ይህ ዘገባ ፋይሉ ውስጥ የሚታየው በሌላ መንገድ ነው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ የሚጠቀሙበት የማመልከቻ ቅጽ፣ ኮመን አፕ፣ ለ10 እንቅስቃሴዎች ቦታ ይሰጥሻል፤ ለእያንዳንዱ መግለጫ 150 ፊደል ብቻ፣ ክፍት ቦታውም ተቆጥሮ። አንቺ የጻፍሽው «በትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ላይ ጽሑፎችን መጻፍ፣ ማረምና ከቡድኑ ጋር መተባበር» የሚል ነው። ማንም አዘጋጅ የሚሠራውን ነው የነገርሽን። ይልቅ ስንት ዘገባ እንዳሳተምሽ፣ ስንት ጀማሪ እንደምታርሚ፣ የትኛው ዘገባ ምን እንዳስከተለ በቁጥርና በግሥ አስገቢ። «በትጋት»፣ «በፍቅር» የሚሉት ፊደል ይበላሉ እንጂ ምንም አይናገሩም።

እስከ 650 ቃል በሚጻፈው የኮመን አፕ ዋና ድርሰት ላይ «ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ መሆን» የሚለውን አውጪው፤ አንባቢው በዚያው ቀን ብዙ ጊዜ አይቶታል። ኖርዝዌስተርን ራሱ በሚጠይቀው አጭር ድርሰት ደግሞ አመልካቾች ሁሉ ሜዲል ተማሪዎቹን ለአንድ ሩብ ዓመት ዜና ክፍል ልኮ እንደሚያሠራ ይጠቅሳሉ። መጥቀሱ ነውር የለውም፤ ግን አንቺ ከምትሠሪው ጉዳይ ጋር ካላያያዝሽው የብሮሹር ግልባጭ ይሆናል። የድጋፍ ደብዳቤውን በ11ኛ ክፍል ዋና ትምህርት ያስተማረሽ መምህር ይጻፈው፤ የጋዜጣው አማካሪ የእንግሊዝኛ መምህርሽም ከነበሩ ከእሳቸው የሚሻል የለም። በሴፕቴምበር መጀመሪያ ጠይቂያቸው፣ በኦክቶበር መጨረሻ ሳይሆን።

አሁን ወደ ኧርሊ ዲሲዥን። ኖርዝዌስተርን ገብተው ከሚመዘገቡት አዲስ ተማሪዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው፣ ስለዚህ ዕድልሽን ይጨምራል። (ከእነሱ ውስጥ አስቀድመው የተመለመሉ ስፖርተኞችም ስላሉ ጭማሪው በቁጥር የሚታየውን ያህል አይደለም።) ግን አንቺ፣ ወላጅሽና የትምህርት ቤት አማካሪሽ (ካውንስለር) የምትፈርሙበት ውል ነው፤ ከተቀበሉሽ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ትገቢያለሽ። የምትወጪው የተሰጠሽ የገንዘብ እርዳታ በቂ ካልሆነ ብቻ ነው። ኖርዝዌስተርን ያስፈልጋታል ብሎ ያሰላውን ሁሉ ያለ ብድር ይሸፍናል፤ ችግሩ ስሌቱን የሚያወጣው እሱ መሆኑ ነው።

እናንተ ቤት የሚያሳስበን የአባትሽ ገቢ ነው። የዩኒቨርሲቲው የወጪ ማስያ ለደመወዝተኛ ቤተሰብ ጥሩ ግምት ይሰጣል፤ በራሱ ለሚሠራ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይስታል። ኡበር ነጂ በግብር ወረቀቱ ላይ ከገቢው የነዳውን ማይል ስሌት ወይም የመኪና እርጅና (መኪናው በዓመት የሚያጣውን ዋጋ) ይቀንሳል፤ ኮሌጆች ደግሞ የእርጅናውን ተቀናሽ መልሰው እንደ ገቢ ሊቆጥሩት ይችላሉ። ማስያው ላይ 80 ሺህ ያላችሁት ቤተሰብ በኋላ 90 ወይም 95 ሺህ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ በሴፕቴምበር ወላጆችሽ ያለፈውን ዓመት የግብር ወረቀት ይዘው ለእርዳታ ቢሮው ይጻፉ፤ እርጅናው እንዴት እንደሚታይ በቀጥታ ይጠይቁ። ኤፍ.ኤ.ኤፍ.ኤስ.ኤ እና ሲ.ኤስ.ኤስ. ፕሮፋይል የሚባሉትን ሁለቱንም የእርዳታ መጠየቂያ ቅጾች ትሞላላችሁ፤ ሁለተኛው እስከ 100 ሺህ ዶላር ገቢ ላለው ቤተሰብ ክፍያ የለውም። እሱ ላይ ልዩ ሁኔታ የሚገለጽበት ቦታ አለ። አባትሽ በየወሩ አገር ቤት ለአያትሽ የሚልኩት ገንዘብ የሚጻፈው እዚያ ነው፣ የመላኪያ ደረሰኙን አስቀምጡ። ብዙ የእኛ ቤተሰቦች ይህን የግል ጉዳይ ነው ብለው ይተዉታል፤ ካልተጻፈ ግን ማንም አያውቀውም።

የእርዳታ ቢሮው መልስ ቤተሰቡ የሚችለውን ክፍያ ካሳየ በኧርሊ ዲሲዥን ግቢ። ካልሆነ ወይም መልሱ ካልደረሰ በጃንዋሪ መጀመሪያ በሚዘጋው መደበኛ ዙር አመልክቺ፣ ቢያንስ የሌሎችን እርዳታ ማወዳደር ትችያለሽ።

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ «ካልሆነ ሜሪላንድ» ብለሽ ያለፍሽውን ግን እንደገና እዪው። ኮሌጅ ፓርክ ያለው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፊሊፕ ሜሪል ጋዜጠኝነት ኮሌጅ ካፒታል ኒውስ ሰርቪስ የሚባል የራሱ የዜና ተቋም አለው፤ ተማሪዎቹ ከአናፖሊስና ከዋሽንግተን ይዘግባሉ። ምንጮችሽ ያሉት ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ክፍያውም የግዛቱ ነዋሪ ክፍያ ነው። ማመልከቻው አስገዳጅ ስላልሆነ ከኖርዝዌስተርን ኧርሊ ዲሲዥን ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ለስኮላርሺፕ እንዲያዩሽ በኧርሊ አክሽን፣ ማለትም ቀደም ባለው ግን በማያስገድደው ዙር፣ እስከ ኖቬምበር 1 ማስገባት አለብሽ። ሁለቱም ማመልከቻ በአንድ ቀን ስለሚዘጋ የሜሪላንዱን ከኦክቶበር 20 በፊት ጨርሰሽ ላኪው፤ የመጨረሻው ሳምንት ለሜዲል ድርሰት ይቅርልሽ።