የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ለወጣት ነጂ የመጀመሪያ መኪናና ኢንሹራንሱ

ጥያቄ፦ ልጄ 17 ዓመት ሊሞላው ነው፤ ፕሮቪዥናል (ለጀማሪ ነጂ የሚሰጥ፣ ገደብ ያለበት) መንጃ ፈቃድ በቅርቡ አውጥቷል። የማታ ፈረቃ ስለምሠራ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት መኪና ልገዛለት 9,000 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። አንዱ ዘመዳችን ነዳጅ ስለማይበላ ያሪስ ግዢለት ይለኛል፤ ሌላው ትልቅ ኤስዩቪ ይሻለዋል ይላል። የማንን ልስማ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሁለቱንም ይተዉት። ያሪስ ክብደቱ ወደ 2,300 ፓውንድ ገደማ ነው። መኪኖችን እያጋጨ የሚፈትሸው አይ.አይ.ኤች.ኤስ. የተባለው ተቋም ደግሞ ከ2,750 ፓውንድ በታች የሆነ መኪና ለወጣት ነጂ አይመክርም፤ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ይበልጥ የሚጎዳው ቀላሉ ውስጥ ያለው ሰው ነውና። ትልቁ ኤስዩቪ በበኩሉ ፍሬን ሲያዝ ቶሎ አይቆምም፣ ልምድ ለሌለው እጅም ያስቸግራል።

በዚህ ገንዘብ መፈለግ ያለብዎት ባለ 4 ሲሊንደር መካከለኛ መኪና ነው፦ ካምሪ፣ አኮርድ ወይም ማዝዳ 6። ቪ6 ሞተር ያለውን ይለፉት። ሞዴሉም ከ2012 በፊት አይሁን። ከዚያ ዓመት ሞዴል ጀምሮ ኤሌክትሮኒክ ስታቢሊቲ ኮንትሮል በሕግ ግዴታ ሆኗል፤ መኪናው በእርጥብ መንገድ ላይ ሲታጠፍ መንሸራተት ከጀመረ፣ አንዱን ጎማ ለይቶ ፍሬን እየያዘ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። ለጀማሪ ነጂ ከዚህ የሚበልጥ ዕቃ የለም። ረከስ ብለው የሚገኙት የ2013–2016 ኒሳን አልቲማና ሴንትራ ግን ሲቪቲ የሚባለው (ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ካምቢዮአቸው ብዙ ሰው ያማረረ ስለሆነ አንመክርም።

ዘጠኙን ሺህ በሙሉ መኪናው ላይ አያውሉት። በ7,500 ዶላር ቢገዙ የሜሪላንድ ታክስ 6.5 በመቶ፣ ማለትም 487 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። የቀረው ለጎማ፣ ለፍሬንና ለመጀመሪያው የኢንሹራንስ ክፍያ ይፈለጋል።

ሻጩ «ኢንስፔክሽን አልፏል» ቢልዎ አይዘናጉ። የሜሪላንድ ኢንስፔክሽን የሚያየው ፍሬን፣ መሪ፣ ጎማ፣ መብራትና የመሳሰለውን እንጂ የሞተሩንና የካምቢዮውን ጤንነት አይደለም። ስለዚህ ከሻጩ ጋር ወደማይተዋወቅ መካኒክ ይውሰዱት፤ ሞተሩም ሲነሳ ቀዝቃዛ ይሁን፣ ሻጩ አስቀድሞ አሙቆት ከጠበቀዎት ሌላ ቀን ይመለሱ። መካኒኩ ኮምፒውተሩን ሲያነብ «ሬዲነስ» የሚባሉት ፍተሻዎች ተጠናቀው እንደሆነ ይጠይቁት። ብዙዎቹ ካልተጠናቀቁ የቼክ ኢንጅን መብራቱ በቅርቡ ተሰርዞ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ጎማው ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን 4 አሃዞች ያንብቡ፤ 3518 ማለት በ2018 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ ያልተበላ ቢመስልም አርጅቷል። ታይትሉ (የባለቤትነት ወረቀቱ) ላይ ሳልቬጅ (ክፉኛ ተጎድቶ በኢንሹራንስ የተጣለ) ወይም ሪቢልት (ከዚያ በኋላ ተጠግኖ የተመለሰ) የሚል ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ ይቅርብዎ፤ ሙሉ ኢንሹራንስ የሚሰጥዎ ድርጅት ለማግኘት ይቸገራሉ። በፊደልና በአሃዝ ባለ 17 ምልክት የሆነውን የቪን ቁጥር (የመኪናውን መለያ) በናሽናል ሀይዌይ ትራፊክ ሴፍቲ ድረ ገጽ አስገብተው ያልተሠራ ሪኮል (ፋብሪካው በነፃ እንዲጠገን የጠራው ጉድለት) ካለ በነፃ ይመልከቱ፤ በተለይ ሲፈነዳ ብረት ሊበትን የሚችለውን የታካታ ኤርባግ።

በዚያው የቪን ቁጥር ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ኢንሹራንስ ያስጠይቁ። ብዙ ቤተሰብ የሚጎዳው መኪናውን ገዝቶ ኋላ ኢንሹራንሱን ሲሰማ ነው። ለምሳሌ ኢሞቢላይዘር (ያለ ትክክለኛው ቁልፍ ሞተሩ እንዳይነሳ የሚከለክል መሣሪያ) የሌላቸው፣ በቁልፍ የሚነሱ የ2011–2021 ኪያና ሃዩንዳይ መኪኖች በስርቆት ምክንያት ኢንሹራንሳቸው ተወዷል፤ አንዳንድ ድርጅትም አልቀበልም ብሏል።

ልጁን ለብቻው ከማስገባት በእርስዎ ፖሊሲ ላይ መጨመር አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። አማካይ ውጤቱ ቢ ከሆነ ትራንስክሪፕቱን ይላኩ፣ የጎበዝ ተማሪ ቅናሽ አለ። የሜሪላንድ ዝቅተኛው ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ላደረሱት ጉዳት የሚከፍለው ሽፋን) 30/60/15 ነው፦ ለአንድ ተጎጂ 30,000፣ ለአንድ አደጋ ተጎጂዎች ሁሉ 60,000፣ ለንብረት 15,000 ዶላር። በ15,000 ዛሬ አዲስ መኪና አይተካም፤ ከዚያ ያለፈው ከኪስዎ ይጠየቃል። ቢያንስ 100/300/100 ይግቡ። መቆጠብ ያለብዎት ኮሊዥን (በግጭት ለተጎዳው የራስዎ መኪና የሚከፍለው ሽፋን) ላይ ነው። የ7,500 ዶላር መኪና ቢወድምና ዲደክቲብልዎ (መጀመሪያ ከኪስዎ የሚከፍሉት) 1,000 ቢሆን የሚያገኙት ቢበዛ 6,500 ነው። ኮሊዥንና ኮምፕሪሄንሲቭ (ለስርቆት፣ ለእሳትና ለመሳሰለው የሚከፍለው ሽፋን) በዓመት ከዚህ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም ከ650 ዶላር ካለፉ ኮሊዥኑን መተው ያዋጣል።

ጥያቄ፦ ልጃችን አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚነዳው። «በባለቤቱ ፈቃድ የነዳ ሁሉ ይሸፈናል» ሲሉ ሰምተናል። ባናስመዘግበውስ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ያስመዝግቡት። ያ የሚሠራው መኪና ለተዋሰ እንግዳ ነው። አብሮ የሚኖር ባለ መንጃ ፈቃድ መነገር አለበት፤ ከተደበቀ ድርጅቱ አደጋ ሲደርስ ካሳ ሊከለክል ወይም ፖሊሲውን ሊሰርዝ ይችላል። በእናንተ ግዛት ከጥር 2025 (በፈረንጅ) ጀምሮ ዝቅተኛው 50/100/25 ነው፤ 500 ዶላር ከፍሎ ያለ ኢንሹራንስ መንዳትም ከሐምሌ 2024 ወዲህ ቀርቷል። ልጁ መኪናውን ትቶ ከ100 ማይል በላይ ርቆ ኮሌጅ ከገባ ግን ለኢንሹራንስ ድርጅቱ ይንገሩ፣ ቅናሽ ሊኖር ይችላል። ምግብ ማድረስ ሊጀምር ካሰበም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ተራው ፖሊሲ ብዙ ጊዜ ያንን ሥራ አይሸፍንም።

ጥያቄ፦ ልጄ ጓደኞቿን አሳፍራ መሄድ ትችላለች? (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ፕሮቪዥናሉን ካገኘች በኋላ ለ151 ቀናት ብቻዋን ስትነዳ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ጓደኛ ማሳፈር አትችልም፤ ወንድምና እህቶቿን ግን ትችላለች። ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 5 ሰዓት) ብቻዋን መንዳት የሚፈቀድላት ለሥራ፣ ለትምህርት ቤት ዝግጅትና ለመሰል ጉዳይ ነው።