እምነቱ የእኔ ነበር ወይስ የእናቴ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የደላንታ ልጅ ነኝ። አሁን ኮምቦልቻ፣ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። አገር ቤት እያለሁ ጾሙም ጸሎቱም ሳላስበው ይሄድልኝ ነበር። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ቅዳሴ መሄድ ቀርቷል። ረቡዕ መሆኑ አንዳንዴ ትዝ የሚለኝ ከበላሁ በኋላ ነው። አብራኝ ቤት የተከራየችው ጓደኛዬ ሙስሊም ናት። የቱንም ያህል ቢደክማት ሱብሂ አያልፋትም። እሷን ሳይ አፍራለሁ። ያ ሁሉ እምነት የእናቴ እንጂ የእኔ አልነበረም ማለት ነው? ደግሞስ በዚህ ሥራ ለግሸን ማርያም መሄድ ይቻላል?

መልስ፦ ልጄ፣ እኔም ያደግኩት ኩታበር ገጠር ነው። ለትምህርት ደሴ ስገባ ይኸው ነገር ገጥሞኛል፤ ስለዚህ የምትዪው ይገባኛል።

እኛ ቤት ጾም መግባቱን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ምድጃው ይነግረኛል። ወተት ከፊቴ ይጠፋል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይጠራቀማል፣ ሽሮው ይወጣል። እናቴ ሊጥ ስታቦካ ታማትባለች፣ ስትከድነውም ታማትባለች። ቀን የሚቆጠረውም በታቦት ነበር። 12 ሚካኤል ነው፣ 21 ማርያም፣ 27 መድኃኔ ዓለም። «የሚካኤል ማግስት እመጣለሁ» ይባላል እንጂ «በ13» የሚል አልሰማሁም። ቄስ በመንገድ ሲያልፉ እኛ እረኞቹ ከብቱን ጥለን መስቀል ለመሳለም እንሮጣለን። ከብቱ ሰው ማሳ ውስጥ ይገባና ማታ እንገረፋለን። መስቀል ተሳልመን ነው ብንልም ዱላው አይቀርም።

እና እምነቱ የማን ነበር? የመንደሩ ነዋ። የእናትሽም፣ ያንቺም ድርሻ እዚያ ውስጥ አለ። አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ያስታውሰዋል፤ በበዓል ቀን በሬ የጠመደ ሰው እርፉን ሳይዝ ጎረቤት ይጮህበታል። ኮምቦልቻ ላይ ማን ይጩህብሽ? ያጣሽው አስታዋሽ ይመስለኛል።

ስለዚህ አስታዋሽ ፈልጊ። ፋብሪካው ውስጥ እንዳንቺ ከገጠር የመጡ ልጆች አይጠፉም። ተሰባሰቡና በወር አንድ ቀን ጽዋ ጠጡ። በኪራይ ቤት ጠላ መጥመቅ አይመችም ብላችሁ አትጨነቁ፤ እኔ የማውቃቸው ልጆች በዳቦና በለስላሳ ነው የሚዘክሩት። ጠላ የሌለበት ማኅበር ምኑ ማኅበር ነው የሚሉ አሉ። ተያቸው።

ቅዳሴውን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚያስበው የእሑድ ጠዋቱን ብቻ ነው። በጾም ወቅት ግን፣ በ55ቱ ቀን ሁዳዴም ሆነ በነሐሴ ፍልሰታ፣ ከቅዳሜና ከእሑድ በቀር ቅዳሴው የሚገባው እኩለ ቀን አካባቢ ነው። ለፈረቃ ሠራተኛ ተብሎ የወጣ ሰዓት ነው የሚመስለው! ከሌሊት ፈረቃ ወጥተሽ ትንሽ ትተኛለሽ፣ ምንም ሳትቀምሺ ተነስተሽ ትሄጃለሽ። ትክክለኛውን ሰዓት አጠገብሽ ያለው ደብር ጠይቂ። በዚያው የነፍስ አባት ያዢ። ድካምሽንና ፈረቃሽን ንገሪያቸው። ጾሙን በምን አቅም እንደምትይዢ የሚመክሩሽ እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ።

ጓደኛሽን ደግሞ ማፈሩን ተዪውና ለሱብሂ ስትነሳ ቀስቅሺኝ በያት። እሷ ትስገድ፣ አንቺ ውዳሴ ማርያምሽን ድገሚ። ለወሎ ሰው ይኼ አዲስ ነገር አይደለም። የእናቴ የቅርብ ጎረቤት ሙስሊም ነበሩ። ለድግስ ስንጠራቸው የእስላሙ ሥጋ ለብቻው ይታረዳል፣ ለብቻው ይሠራል። ረቡዕ ቀን ከመጡ ግን ሁሉም ሽሮ ነውና «ዛሬስ ደህና ቀን ጣለኝ» ብለው ይስቃሉ። ነፍስ ካወቅኩ በኋላ በጾም ቀን ቤታቸው ሄጄ ወተት ስለምናቸው የተቆጡኝም እሳቸው ናቸው። «እናትሽ ሳትሰማ ነይ ውጪ!» አሉኝ። ለእናቴ ግን አልነገሩብኝም።

ግሸን ይቻላል። መስቀል መስከረም 17 ሥራ ዝግ ነው፤ የግሸን ንግሥ የሚውልበት 21 ግን የሥራ ቀን ላይ ሊውል ስለሚችል ፈረቃ መቀየር አለብሽ። ጓደኛሽ የሥራ ባልደረባሽም ከሆነች ያን ቀን ትያዝልሽ፣ ካልሆነችም ሌላ ሙስሊም ልጅ አታጪም። አንቺ ደግሞ የዒድ ሰሞን ትይዢላታለሽ። ለአለቃችሁ ነሐሴ ላይ ንገሩ፤ መስከረም ከገባ ፈቃድ የማይጠይቅ የለም። የደላንታ ልጅ ብትሆኚም የኮምቦልቻን ሙቀት ለምደሻልና ጋቢ ያዢ፤ የግሸን ሌሊት ይበርዳል። ዳገቱ ላይ የሚያንሸራትት ጫማ እንዳታደርጊ።