ካምፖት ከሄድሽ ዳርቻው ላይ ቆዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ቁንዝላ አካባቢ ግብርና ላይ እንደምትሠሪ፣ ኅዳር መጨረሻ ካምቦዲያ፣ ፕኖም ፔን ለስልጠና እንደምትሄጂ፣ ከስልጠናው በኋላ አራት ቀን እንደሚተርፍሽ ጽፈሻል። የሆነ ሰው ደግሞ «ካምፖት የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፤ ባሕሩም ሩዙም ማንግሮቩም እዚያ ነው» ብሎሻል። ማንግሮቭ ማለት ባሕር ዳር፣ ጨዋማ ጭቃ ላይ የሚበቅል ጫካ ነው። መሄዱ ያዋጣል ወይ፣ ቀኑን ምን ላይ ላውለው፣ የነቢያት ጾም ስለሚገባ ምን ልብላ ነው ያልሽው።

እኔ ለሥራ ወደዚያ ተመላልሻለሁ። በዝናቡም በበጋውም አይቼዋለሁ። ያዋጣል፣ ሂጂ። ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ውኃ ፍለጋ ከሆነ ግን ይቅርብሽ፤ ካምፖት እሱ የላትም። 25 ኪሎ ሜትር ርቃ ኬፕ የምትባል ከተማ አለች፣ እሷ ትንሽ የመዋኛ ዳርቻ አላት። በሸርጣን ገበያዋ ነው የምትታወቀው። አንቺ ጾመኛ ስለሆንሽ እሱም አይጠቅምሽም።

ካምፖት ራሷ በወንዝ ዳር ያለች ከተማ ናት። ባሕሩ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ወንዙ ከተማዋ ጋ ሲደርስ ግን ወንዝነቱን ይረሳል። ባሕሩ ሲሞላ ጨዋማው ውኃ ሽቅብ ይገባል፣ ባሕሩ ሲሸሽ ተመልሶ ይወጣል። ለእኛ ለጣና ሰዎች ይሄ ግር ይላል። ጣና በክረምት ይሞላል፣ በበጋ ይጎድላል፣ አለቀ። እዚያ ሙላቱም ጉድለቱም የየቀኑ ጉዳይ ነው። ጀልባው መቼ እንደሚነሳ፣ ዓሣ አጥማጁ መቼ እንደሚተኛ፣ አንቺ ምን እንደምታዪ የሚወስነው እሱ ነው። ስለዚህ ማረፊያ እንደያዝሽ መጀመሪያ የምትጠይቂው «ዛሬ ውኃው በስንት ሰዓት ይሞላል?» የሚለውን ይሁን።

አካሄዱ ቀላል ነው። ከፕኖም ፔን 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ባቡርም አለ። የሰው ማመላለሻው ለዓመታት ተቋርጦ እ.ኤ.አ. በ2016 ነው እንደገና የጀመረው። ቀርፋፋ ነው፣ ግን በሩዝ ማሳ መሀል ስለሚያልፍ እኔ እሱን እመርጣለሁ። የሚነሳበትን ቀንና ሰዓት ብቻ አስቀድመሽ አጣሪ። ከተማ ውስጥ የምትንቀሳቀሺው በቱክቱክ ነው፤ የኛው ባጃጅ ማለት ነው፣ ዋጋ ሳትነጋገሪ አትግቢ። ሞተር ተከራዪ ይሉሻል። ለምደሽው ካልሆነ እምቢ በይ፤ መንገዱ ላይ የጭነት መኪናው ብዙ ነው።

አራቱን ቀን እንዲህ አውያቸው ብዬ ሰዓት በሰዓት አልቆርጥልሽም። ግን ሁለቱን ሙሉ ለማንግሮቩና ለሩዙ ስጪ። አስጎብኚዎቹ የሚሸጡልሽ ተራራውን፣ ደሴቱንና ፓርቲውን ነው። አንቺ የግብርና ሰው ነሽ፤ የሚጠቅምሽ ጨዋማ ውኃና ጣፋጭ ውኃ የሚገናኙበት ጠባብ መሬት ነው።

ለማንግሮቩ ትራፔያንግ ሳንግኬ የሚባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ሂጂ። ማኅበረሰቡ ራሱ ነው ጫካውን የሚጠብቀው። እንግዳ በጀልባ ያዞራሉ፣ ማደሪያም አላቸው። በአካባቢው ቻም የሚባሉ ሙስሊሞች ይኖራሉ፣ ብዙዎቹ በዓሣ ነው የሚተዳደሩት። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሺ፣ ሌላ የሚያስጨንቅ ነገር የለም። ቻይ ሰዎች ናቸው።

ጫካውን ሁለት ጊዜ እዪው፤ አንዴ ውኃው ሲሞላ፣ አንዴ ሲሸሽ። ሲሞላ በጀልባ ገብተሽ ቅጠሉ ሥር ታልፊያለሽ። ያምራል፣ ፎቶም ይወጣል። ቁም ነገሩ ያለው ግን ሲሸሽ ነው። ውኃው ሲወርድ ሥሩ ይጋለጣል። አንዱ ዓይነት ዛፍ ከግንዱ መሀል ሥር አውጥቶ እየቀለሰ ጭቃው ላይ ይተክላል። ሌላው ደግሞ ከጭቃው ሽቅብ ሹል ሹል ሥር ያወጣል፣ ጭቃው አየር ስለሌለው በዚያ ነው የሚተነፍሰው። ዝም ብለሽ ቁሚና ጭቃውን ተመልከቺ። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ አንድ እጁ የገዘፈ ትንሽ ሸርጣን ከጉድጓዱ ብቅ ይላል። ከዚያ ዓይኑ አናቱ ላይ የወጣ ጣት የምታክል ዓሣ በክንፎቿ እየተንፏቀቀች ጭቃውን አቋርጣ ሥር ላይ ትወጣለች። ዓሣ ዛፍ ላይ! እኔ ባላየው አላምንም ነበር። ቆዳዋ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ከውኃ ውጭ መቆየት ትችላለች።

ዘሩንም አስተውዪ። እንደ ረጅም ቃሪያ ተንጠልጥሎ ታገኚዋለሽ። የሚበቅለው ገና እናቱ ዛፍ ላይ እያለ ነው። ሲወድቅ ጭቃ ካገኘ እዚያው ይተከላል፣ ውኃ ካገኘ ተንሳፍፎ ሌላ ቦታ ይሄዳል። መንደሩ ውስጥ እንግዳም ችግኝ እንዲተክል ያደርጋሉ፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ ጫማሽን አውልቂ። አንዳንዱ ዛፍ ደግሞ ጨውን በቅጠሉ ነው የሚያስወጣው። ቅጠሉን በምላስሽ ነካ አድርጊው፣ ጨው ጨው ይልሻል።

ይሄን ሁሉ የምነግርሽ ለጉድ አይደለም። አጥማጆቹ ማንግሮቭ የሚተክሉት ለውበት ብለው አይደለም፤ የዓሣና የሸርጣን ጫጩት ተደብቆ የሚያድገው እዚያ ሥር ውስጥ ስለሆነ ነው። ጫካው ከተቆረጠ መረቡ ባዶ ይመጣል። አንቺ የጣናን ደንገል አስቢ። የኛም ዓሣ በዳርቻው እርጥብ መሬት ይጠለላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ሊራባ ወደ ግልገል ዓባይ ሽቅብ ይወጣል። እኛ ግን ደንገሉን ለታንኳም ለማገዶም እያጨድን፣ ውኃው በሸሸ ቁጥር እርሻውን ወደ ውስጥ እየገፋን ነው። ቁንዝላ ስትመለሺ የምታነሺው ወሬ ይሄ ይመስለኛል፤ ከስልጠናው ወረቀት ይበልጥ ሰሚ ታገኚበታለሽ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ለባለሙያ ስለሆነ እናገራለሁ። የማንግሮቩ ጭቃ ጥቁር ነው፤ ሲቆፈር የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ውስጡ ድኝ አለበት። ውኃ ሥር እስካለ ችግር የለውም። ሰው ጫካውን መንጥሮ፣ ውኃውን አጠንፍፎ «ለም መሬት አገኘሁ» ሲል ግን አየር ይገባዋል፣ ድኙ ወደ አሲድ ይቀየራል፣ ሰብሉ ይቃጠላል። የኛ የአዊና የምሥራቅ ጎጃም ደጋ አሲዳማ የሆነው በሌላ ምክንያት ነው፤ ዝናቡ ንጥረ ነገሩን አጥቦ ስለሚወስደው። ለዚህ ኖራ እንበትናለን። ለዚያኛው የሚያስፈልገው ኖራ ግን በጣም ብዙ ነው፤ የሚሻለው ከመጀመሪያው አለመንካት ነው።

ወደ ሩዙ ልምጣ። ኅዳር መጨረሻ ጥሩ ጊዜ ነው። ዋናው ዝናብ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ነው፤ በክረምቱ የተተከለው ሩዝ አንቺ ስትደርሺ ይታጨዳል። ማሳው ቢጫ ሆኖ፣ መሀል መሀሉ ላይ ቀጥ ያሉ የዘንባባ ዛፎች ቆመው ታዪዋለሽ። ከዛፉ ስኳርም መጠጥም ይሠራሉ። ስኳሩን ቅመሺው፣ ጾም አይፈታም።

ኮምባይነር ሰፊውን ማሳ ያጭዳል። ጠባቧ ማሳ ላይ ግን አሁንም ማጭድ ታያለሽ። ማረሻቸው በጥንድ በሬ ነበር፤ አሁን በእጅ የሚገፋ ሞተር ተክቶታል። በተከላ ጊዜ ጎረቤት ለጎረቤት እየተበዳደረ መሥራት ነበራቸው፤ ልክ የኛ ወንፈል። እሱም ማሽኑና ወጣቱ ለፋብሪካ ሥራ መሄዱ እያስቀረው ነው ይላሉ። ነገሩ አገር ቤትም ያለ ነው።

ከባሕሩ ጋር የሚዋሰነውን ማሳ ግን ሳታዪ እንዳትመለሺ። አፈር ክበው ግድብ ሠርተዋል፣ ግድቡ ላይ የውኃ በር አለ። የዝናቡ ውኃ ሲበዛ ከፍተው ያስወጣሉ፣ ባሕሩ ሲሞላ ይዘጋሉ። አንዲት እናት በሩ ጋ ቁጭ ብለው አየሁ። ጣታቸውን ቦዩ ውስጥ ነክረው ቀመሱ። ፊታቸውን ጨፍገግ አድርገው በሩን ሳይከፍቱት ተዉት። መለኪያ መሣሪያ ሳያስፈልግ ጨዉን ያወቁት በምላስ ነው። ከግድቡ ውጭ ያለው የማንግሮቭ ረድፍ ደግሞ ማዕበሉን ይሰብርላቸዋል። ረድፉ በሳሳበት ቦታ ግድቡ ተቦርቡሮ በአካፋ ሲጠግኑ ታዪያለሽ።

ስለኛው የፎገራ ሩዝ ይጠይቁሽ ይሆናል። ሩዝ እዚያ የገባው በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ነው፣ ገበሬው እስከ ዛሬ የሚዘራው ኤክስ ጅግና የሚባለው የሩዝ ዝርያም ከዚያ የመጣ ነው ብለሽ ንገሪያቸው። ከጤፍ ጋር ቀላቅለን እንጀራ እንጋግረዋለን ስትያቸው ግን ይስቃሉ። ፎቶ ያዢ፣ ካልሆነ አያምኑሽም።

ቦኮር የሚባለው ተራራ ላይ ግማሽ ቀን ካለሽ ውጪ፣ ካልሆነ ተዪው። ፈረንሳዮች ከሙቀቱ ሸሽተው የሠሩት አሮጌ ሆቴል አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1925 ነው የተከፈተው። ከፍታው 1,080 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ጃኬት ለብሰው ብርድ ብርድ አለን ይላሉ። እኛ እኮ በዚያ ከፍታ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ጋ ነው የምንጠበሰው! የባሕሩ ጭጋግና ንፋስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። የባሕር ውኃ በፀሐይ አድርቀው ጨው የሚያወጡባቸውን ማሳዎች ደግሞ በኅዳር ባዶ ነው የምታገኚያቸው። ሥራው የሚጀምረው ዝናቡ ጨርሶ ፀሐይ ሲጠና፣ ከታኅሣሥና ጥር ጀምሮ ነው።

አሁን ጾሙ። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በይ። «ሥጋ የለውም» ቢሉሽ አትመኚ። የጎመኑም የሾርባውም ማጣፈጫ የዓሣ መረቅ ነው። ፕራሆክ የሚሉት የተብላላ ዓሣም በብዙ ወጥ ውስጥ ይገባል። ለእነሱ ቅመም ነው፣ ዓሣ ብለው አይቆጥሩትም። ስለዚህ «የዓሣ መረቅም፣ ፕራሆክም፣ እንቁላልም አይግባበት» ብለሽ ለይተሽ ተናገሪ። ከሆቴሉ ሠራተኛ በቋንቋቸው፣ በክመር፣ አስጽፈሽ ወረቀቱን ይዘሽ ዙሪ። ለቡድሃ እምነት ብለው ከእንስሳት ተዋፅኦ የሚርቁ ሰዎች ስላሉ ነገሩ አዲስ አይሆንባቸውም። አንዳንድ ቦታ ለእነሱ ብቻ የሚያበስል ምግብ ቤት አለ። ባዶ ሩዝ፣ የተጠበሰ አትክልት፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ ነው)፣ ፍራፍሬ አታጪም። ቡናቸው ላይ የቆርቆሮ ወተት ይጨምራሉ፣ አስቀድመሽ ከልክይ። ከቤትሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ያዢ። በሶ ውኃ ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ጀልባ ላይም ይበጠበጣል።

ጤናን በተመለከተ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽን ከፓስፖርትሽ ጋር አብረሽ አስቀምጪ፤ ከእኛ አገር ለሚመጣ ሰው ይጠይቃሉ። ደንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ በቀን ነው የምትናከሰው፣ ማታ አጎበር ብቻ አይበቃም። ረጅም እጅጌና የሚቀባ መከላከያ ያስፈልጋል። ትኩሳት ከያዘሽ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትውሰጂ፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።

ገንዘቡ ዶላርም ሪየልም ይሠራል። አንድ ዶላር ወደ 4,000 ሪየል ነው። የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር አይቀበሉሽም፣ ባንክ ስትወስጂ አንድ በአንድ እዪው።

የሚገዛ ነገር ካልሽ ቁንዶ በርበሬ ነው። የካምፖት ቁንዶ በርበሬ ስሙ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ በአገሩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአውሮፓ ኅብረት በ2016። አገሪቱን እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 በገዛው በክመር ሩዥ ቡድን ዘመን ተክሉ ተጥሎ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ከእርሻው ቦታ ሄደሽ ግዢ፤ እግረ መንገድሽን ሐረጉ እንጨት ላይ እንዴት እንደሚወጣ ታዪያለሽ። ጥቁሩ፣ ቀዩና ነጩ ከአንድ ተክል ነው የሚመጡት፣ ልዩነቱ የለቀማው ጊዜና አያያዙ ነው። የተፈጨውን ተዪ፣ ሽታው ቶሎ ይጠፋል። ፍሬውን የታሸገና ማኅተም ያለበት አድርገሽ ያዢ። ነጩ ለአልጫ ይሆናል። ቀዩ ይወደዳል፣ ለእናትሽ ያህል ትንሽ በቂ ነው።